ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ከሆነ የገዳሙ በረከት ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለነሐሴ 24 እናቴን ይዤ ደብረ ሊባኖስ ልሳለም አስቤያለሁ። ሕንፃው ግን የቅርብ ጊዜ ነው ይሉኛል፤ በረከቱ እንደ ጥንቱ ነው? ከሥር ካለው ወንዝስ ጠበል ብለን ብንቀዳ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በግራኝ ጦርነት ተቃጥሏል፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የፋሺስት ጦር መነኮሳቱን ጨፍጭፏል። ዛሬ የሚያዩት ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚከብረው በታቦቱ፣ በሜሮኑና በሚቀርብበት ቅዳሴ ስለሆነ ግንቡ መቶ ጊዜ ቢታደስ በረከቱ አይጎድልም። ከምርኮ የተመለሱት ቤተ መቅደሱን ዳግም ሲመሠርቱ የፊተኛውን ያዩ ሽማግሌዎች አልቅሰው ነበር (ዕዝ. 3፥12)፤ እግዚአብሔር ግን የኋለኛው ክብር እንደሚበልጥ በነቢዩ ሐጌ ነገራቸው (2፥9)።

ደጁን ተሳልመው፣ ጫማዎን አውልቀው፣ በሴቶች በኩል በደቡብ ይግቡ። ሥዕሉን በእጅ አይዳብሱ፤ ላብና ቅባት ቀለሙን ያነሣዋል። ጧፍም ግድግዳ ሥር አይለኩሱ፤ ጢሱ ያጠቁረዋል፣ ለዕቃ ቤት ያስረክቡ። ለበረከት ብሎ ከግንቡ መፈርፈርማ ገዳም ማፍረስ ነው። እምነት (ለበረከት የሚሰጠውን አፈር ወይም አመድ) ከፈለጉ ካህኑን ይጠይቁ።

ወንዝ ሁሉ ጠበል አይደለም። ጠበል የምንለው ካህን ጸልዮ የባረከውን ወይም በጻድቁ ቃል ኪዳን የታወቀውን ምንጭ ነው፤ በዚህ ገዳም ምእመናን የሚቀዱት ጻድቁ በአንድ እግራቸው ቆመው ከጸለዩበት ዋሻ ነው። ወንዙን ከላይ ከብት ይጠጣዋል፣ ልብስ ይታጠብበታል፤ አይቅዱት። ጠበሉን ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጡ። በልቶ ብዙ የጠጣ ሰው ሲያስመልሰው ወዲያው «ጋኔን ነው» የሚል አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥጋብ ነው። እናትዎ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አያቋርጡ፤ ስለ ጾሙም ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ያማክሩ።

ለጀሪካኑ ይጠንቀቁ። ዘይት የነበረበት በሙቅ ውኃና በሳሙና ካልታጠበ ይሸታል፤ ከዚያ «ጠበሉ ተበላሸ» ይባላል። የተረፈውን እግር በማይረግጠው ቦታ ያፍስሱ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ነሐሴ 24 የጻድቁ ዕረፍት ቢሆንም ክረምት ነው፣ ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድ ያንሸራትታል። የእናትዎ ጉልበት ደከም ያለ ከሆነ የልደታቸው ዕለት ታኅሣሥ 24 ይሻላል። ያኔ ጾመ ነቢያት ስላልተፈታ ስንቃችሁ የጾም ይሁን።