የብስክሌት መሪ ላይ ያለ ቦርሳ የማርሹን ካቦ ሲጫነው

ወንድሜ፣ ከጅማ ወደ አጋሮ ለመሄድ የብስክሌትህ መሪ ላይ ቦርሳ ስታስር ካቦው (ማርሹን የሚስበው ሽቦ) ተጣሞ ማርሹ አልገባ አለኝ ብለሃል። ማርሹን አትነካካው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ካቦው ከመሪው ወደ ፊት ወጥቶ የሚዞር ከሆነ ከቦርሳው ጋር ሁሌም ይጣላል። የካቦውን ሽፋን (ሽቦው በውስጡ የሚያልፍበትን ልባስ) ከመሪው ጋር አስጠግተህ በፕላስተር እሰረው፤ ከዚያ የመሪውን ጥቅልል (የመጨበጫውን ቴፕ) ከላይ ጠምጥምበት። ካቦዎቹ በፍሬሙ የታችኛው ቱቦ በኩል የሚወርዱ ከሆነ የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አሳልፍና ከቱቦው ሥር መልሰህ አቋርጣቸው። ኩርባው ሰፊ ይሆናል፤ ማርሹም ይቀልልሃል።

ሽፋኑን ከመቁረጥህ በፊት መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙረው። ሽፋኑ ከተወጠረ አጭር ነው። ማሳጠር ይቻላል፣ ማስረዘም ግን የለም!

አደራ፣ የማርሽ ሽፋን ለፍሬን እንዳታደርግ። የማርሹ ሽፋን ውስጥ ያሉት ሽቦዎች በቁመቱ የተደረደሩ ናቸው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ጨምቀህ ስትይዝ ሊፈነዳ ይችላል። የፍሬኑ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ነው። ውፍረቱም ብዙ ጊዜ 5 ሚሊሜትር ነው፣ የማርሹ 4። ሻጩ «ያው ነው» ቢልህ አትስማው፤ ጫፉን ራስህ አይተህ ግዛ።

የሽፋኖቹ ጫፍ ላይ ቆብ አትርሳ። በጅማ ክረምት ውሃ ከገባበት ካቦው ቶሎ ይዝጋል።