ሦስት ቴርሞሜትር የጣልኩ ሰሞን

ባለፈው ወር ለጉዳይ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። አንድ ወጣት ቴክኒሻን ሻይ ጋበዘኝና «ጋሼ፣ ብዙ ያነባሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሥራዬ የሚጠቅመኝን ብቻ ይምረጡልኝ፣ ለሌላው ጊዜ የለኝም» አለኝ። ያቺ «ብቻ» የምትል ቃል ከነከነችኝ። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም እወዳት ነበር። እዚያው በቅጡ ስላልመለስኩለት መልሴን እዚህ ልጻፈው። ለእናንተ ለእኩዮቹም ይሁን።

ከ30 ዓመት በላይ የፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ በጉም ውስጥ እወጣለሁ። ሥራ እንደጀመርኩ ከማኑዋል ሌላ አላነብም ነበር። ቁም ነገረኛ የሆንኩ መስሎኝ ነው።

አንድ ቀን ቴርሞሜትሮቹን እንድፈትሽ ታዘዝኩ። ውሃ አፈላሁና አንዱን ነከርኩት። 94 አለ። ማኑዋሉ ደግሞ የፈላ ውሃ 100 ነው ይላል። ሁለተኛውን ነከርኩ፣ 94። ሦስተኛውም 94። «ሦስቱም ተበላሽተዋል» ብዬ ፈረምኩና ቅርጫት ውስጥ ወረወርኳቸው። ሦስት ዕቃ እንዴት ተስማምቶ በእኩል ዲግሪ ይበላሻል? ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። አዲስ ተገዛ። አዲሱም 94 አለ።

ነገሩ የተገለጠልኝ በንፍሮ ነው። እህቴ ከኮምቦልቻ ልትጠይቀን መጥታ ባቄላ ጥዳ ነበር። «ያንተ ደሴ ከሰል ጨረሰችብኝ እኮ! እኛ ጋ ይሄኔ በስሏል» እያለች ታማርራለች። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ የተወውን የፊዚክስ መጽሐፍ እንዲሁ ለጊዜ ማሳለፊያ ገለጥኩ። ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ቀድሞ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ። ተምሬው ነበር፣ ረስቼዋለሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። አሰላሁት፣ 94። ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች፣ 92 ገደማ ላይ ትፈላለች። ምድጃው ቢንቀለቀል ውሃው ከዚያ አያልፍም፣ ባቄላውም በራሱ ጊዜ ነው የሚበስለው። ያ ማኑዋል የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለሚኖሩ ሰዎች ነበር። ሦስት ጤነኛ ቴርሞሜትር ቀብሬያለሁ።

ልጅ ሳለሁ እንዲህ ጠባብ አልነበርኩም። ያኔ ስኳርም ቆሎም የሚጠቀለለው ከአሮጌ መጽሐፍና ጋዜጣ በተገነጠለ ወረቀት ነው። እናቴ ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ስትገለብጥ ወረቀቱ የእኔ ነው። ዛሬ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ ነገ ስለ ከብት በሽታ፣ ከነገ ወዲያ የልብ ወለድ ገጽ። ስሙኒ ሳገኝ መጽሐፍ እከራይ ነበር። ግን የወረቀቱን ያህል ያስተማረኝ የለም፣ ምክንያቱም አይመረጥም፤ ባለሱቁ የጠቀለለልህን ታነባለህ።

ከቴርሞሜትሩ ጉድ በኋላ ወደዚያ ተመለስኩ። ያገኘሁትን ማንበብ።

ጎረቤታችን አንድ ሸህ ነበሩ። አንድ ቀን ቡና ላይ የቆየ ደብተር ዘረጉና «እስቲ አንብብ» አሉኝ። የዓረብ ፊደል ነው። «አልችልም ሸህየ» አልኩ። እየሳቁ እሳቸው አነበቡልኝ። አማርኛ! ጥርት ያለ የወሎ አማርኛ፣ መንዙማ። እንዲህ ያለው ጽሕፈት ዐጀሚ እንደሚባል ያን ቀን ሰማሁ። ማርያምን ብዬ የማድር ሰው ዕድሜዬን ሙሉ አጥር ተጋርቼ፣ በገዛ ቋንቋዬ የተጻፈ ነገር እዚያ ማዶ መኖሩን አላውቅም ነበር። በነጋታው ፊደሉን አስቆጥሩኝ አልኳቸው። ጎበዝ ተማሪ ግን አልሆንኩም።

ሌላው ስለ 1965 ዓ.ም. ረሃብ ነው። ሕፃን ነበርኩ። ከገጠር የመጣው ሕዝብ መንገድ ዳር ወድቆ፣ እናቴ ግን ከገበያ እህል ትገዛ ነበር። ይህ ነገር ለዓመታት አልገጥም ብሎኝ ቆየ። አማርትያ ሴን የሚባል ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የደሴን ገበያ ዋጋ አገላብጦ አይቷል። የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ከጠቅላይ ግዛቱ የሚወጣ እህልም ነበር። ገበሬው አዝመራው ሲከሽፍ የሚበላውንም፣ ሸጦ የሚገዛበትንም አንድ ላይ አጣ። አንብቤ ስጨርስ መብራቱን አጥፍቼ ብዙ ተቀመጥኩ።

ሥራ ላይ ምን አደረገልህ ትሉኝ ይሆናል። ሌሊት ሌሊት መለዋወጫ እየታጣ ማሽን ይቆምብን ነበር። ሁሉም «ይገዛ» ይላል። ያን መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ሌላ ሆነ፦ ዕቃው ካለ፣ ማን እጅ ይደርሳል? መጋዘኑ ሙሉ ነበር። ቁልፉ ግን ከቀኑ ፈረቃ ጋር ቤቱ ሄዶ ይተኛል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የእኔ ዘዴ ይህን ያህል ነው። አንድ የሙያ መጽሐፍ ስይዝ ከጎኑ ምንም የማይዛመደው አንድ አስቀምጣለሁ። ከሰለቸኝ እተወዋለሁ፤ ቤቴ ውስጥ እስከ ገጽ 30 ብቻ የተነበቡ መዓት አሉ። ስልክም ቢሆን ይነበብበታል፣ ግን ስልኩ የወደዳችሁትን ብቻ እየደጋገመ ያመጣላችኋል። ባለሱቁ ይሻል ነበር። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ያነበባችሁትን ሁሉ ቡና ላይ አትዘርግፉ። ባለቤቴ «ይኸው ሬዲዮው ተከፈተ» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው።

አንድ ዕዳ ግን አለብኝ። ከ50 ዓመት በፊት ከስኳር መጠቅለያ ላይ ያነበብኩት የልብ ወለድ ገጽ ነበር። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ከሩቅ አገር ሌሊት ይመለሳል። ቤቱ ውስጥ መብራት አለ፣ በሩ በውስጥ ተቀርቅሯል፣ የማያውቀው ድምፅ በስሙ ይጠራዋል። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። በማግስቱ ሱቁ ሄጄ ቅርጫቱን ሁሉ በረበርኩ፣ ቀጣዩ ገጽ በሰው ቡና ተጠቅልሎ ሄዷል። የመጽሐፉን ስም አላውቅም። ስታነቡ ድንገት ካገኛችሁት፣ ማን ነበር የጠራው?