ባያሱ 7 ቮልት ነው ብለህ ሬዚስተሩን እንዳትቀይር

ወንድሜ፣ የአያትህን ባለ 4 ቫልቭ (አምፖል መሰል የመስታወት ቱቦ) የባትሪ ራዲዮ ጉዳይ አነበብኩት። ድምፁን ብትቀንሰውም ይሰነጠቃል፣ ለ90 ቮልቱ ያሰለፍካቸው አስር ባለ 9 ቮልት ባትሪዎችም በጥቂት ቀን አለቁብህ። የባያስ ሬዚስተሩ (ባያስ ማለት የቫልቩን ግሪድ፣ ማለትም ከረንቱን የሚቆጣጠረውን ክፍል፣ ኔጌቲቭ የሚያደርገው ቮልት ነው፣ ሲያንስ ከረንቱ ይበዛል) 390 ኦም ነው፣ ላዩ ላይ 7 ቮልት ለካህ። ለዲኤል94 (ስፒከሩን ለሚነዳው የመጨረሻ ቫልቭ) የሚፈለገው 4.5 አካባቢ ስለሆነ «ባያሱ በዝቷል፣ ሬዚስተሩን ላሳንሰው ወይ?» ትላለህ።

አታሳንሰው። እኔ አሳንሼ አይቼዋለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት እጄ በገባ አንድ ፖርተብል ላይ 390ውን አውጥቼ 220 ከተትኩበት፣ ቁጥሩም ወደ 5 ወረደልኝና ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ 5ን ለ220 ባካፍል ኖሮ ራዲዮው 23 ሚሊአምፒር እየጠጣ መሆኑን አውቅ ነበር። አላካፈልኩም። ባትሪውም አለቀ፣ ደህና የነበረው ቫልቭም ደከመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመብራት የሚሰራ ራዲዮ ላይ ባያሱ አብዛኛውን ጊዜ ከካቶድ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው የቫልቩ ክፍል) ሬዚስተር ይገኛል። የእነዚህ ቫልቮች ካቶድ ግን ፊላመንቱ (የሚግለው ሽቦ) ራሱ ነው። ስለዚህ የ90 ቮልቱን ኔጌቲቭ ከሻሲ (ከራዲዮው የብረት አካል) ጋር በቀጥታ አያገናኙትም፣ መሃል ላይ ያቺን ሬዚስተር ያስገባሉ። ራዲዮው ከ90 ቮልቱ የሚወስደው ከረንት በሙሉ በእሷ በኩል ይመለሳል፣ ሲያልፍ የሚፈጠረው ቮልት ነው በግሪድ ሬዚስተሩ በኩል ሄዶ ግሪዱን ኔጌቲቭ የሚያደርገው። ያንተ 7 ቮልት ለ390 ሲካፈል 18 ሚሊአምፒር ነው። 12 አካባቢ ቢሆን ኖሮ 4.7 ቮልት ታይ ነበር። እና 7ቱ የሚነግርህ ከረንቱ መብዛቱን ነው እንጂ ግሪዱ 7 ቮልት ማግኘቱን አይደለም። ግሪዱ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር እየበላው ነው።

ያ ሌላ ነገር ከአስር ዘጠኝ ጊዜ ከዲኤኤፍ91 (ከዲኤል94 በፊት ካለው ቫልቭ) አኖድ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ከሚቀበለው ክፍል፣ ወደ ዲኤል94 ግሪድ የሚሄደው ካፓሲተር ነው። ሰም የተነከረ ወረቀት ያለበት፣ 0.01 ማይክሮፋራድ ወይም ከዚያ ያነሰ። አንዱ ጎኑ ላይ 35 ቮልት አካባቢ ተቀምጧል፣ ሌላው ጎኑ ግሪዱ ላይ ነው። ግሪድ ሬዚስተሩ 2.2 ሜጋኦም ከሆነ፣ ካፓሲተሩ 16 ሜጋኦም ያህል ብቻ ቢያፈስ ግሪዱን 5 ቮልት ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ ከ7ቱ የሚተርፈው 2 ነው። ይህን በተራ ቴስተር ኦም ላይ አድርገህ ብትለካው ብዙ ጊዜ «ንጹህ ነኝ» ይልሃል፣ ምክንያቱም ቴስተሩ ከጥቂት ቮልት በላይ አይልክበትም።

እና እንዲህ ለካ። ራዲዮውን ክፈት፣ ዲጂታል ቴስተርህን በዚያ 2.2 ሜጋኦም ግሪድ ሬዚስተር ሁለት ጫፍ ላይ አድርግ (የዲኤል94 ግሪድ 6ኛው እግር ነው)። ጤነኛ ራዲዮ ላይ ዜሮ ነው፣ ግሪዱ ከረንት መውሰድ የለበትማ። ያንተ ላይ 4 ቮልት ምናምን የምታይ ይመስለኛል። ከዚያ አጥፋና በግሪዱ በኩል ያለውን የካፓሲተሩን እግር ፍታ፣ እንደገና ክፈትና ለካ። ቮልቱ ከጠፋ ሌባው ተያዘ፣ 250 ቮልት የሚችል ፖሊስተር ካፓሲተር ግጠምለትና ጨርስ። ካልጠፋ ጥፋቱ የቫልቩ ነው፣ ውስጡ ጋዝ ገብቶበት ይሆናል፣ ያኔ ብቻ ቫልቭ ፈልግ።

የድሮ መልኩን ለመጠበቅ ሲሉ የድሮውን የወረቀት ቱቦ ባዶ አድርገው አዲሱን ውስጡ የሚደብቁ አሉ። ያምራል፣ እኔ ግን ትዕግስቱ የለኝም።

ባያስ ሬዚስተሩ ላይ የተደረበ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ካለም አንድ እግሩን ፍታና እየው። እሱ ሲያፈስ ምልክቱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ቮልቱ ትንሽ፣ ከረንቱ ብዙ። በዚህ ጊዜ 390ውን ለማካፈል ብትጠቀምበት ይዋሽሃል፣ ከባትሪው በሚመጣው ሽቦ መሃል ሚሊአምፒር ሜትር ብታስገባ ይሻላል።

አዲስ ባትሪ ስታገናኝ ደግሞ ቫልቮቹን ሁሉ ነቅለህ መጀመሪያ የፊላመንት እግሮቹን ለካ። 1.4 ቮልት የለመደ ፊላመንት ላይ 90ው ቢመጣበት አራቱም በአንድ ብልጭታ ያልቃሉ፣ ለመጮህ እንኳን ጊዜ አይሰጥህም።

ጓደኛህ ጋ ስላለው ዲኤል92 ደግሞ፣ ሶኬቱ ላይ ይገባል ግን የእግሮቹ አቀማመጥ ይለያል። የዲኤል92 6ኛ እግር አኖድ ነው፣ ስለዚህ እንዳትሰካው።