ኮምፒውተር በመቀናጆ

ልጆቼ፣

በቀደም ደብረ ማርቆስ ላይ ሶፍትዌር ሊሠሩ የተሰባሰቡ አራት ወጣቶች አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ብር አዋጥተን አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር እንግዛ ወይስ ለየራሳችን ያገለገለ ላፕቶፕ?» ቶሎ አልመለስኩላቸውም። ማታ ሳስበው ግን አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ አንድ በሬ ነበረው። ጎረቤታችንም አንድ። መቀናጆ ገብተው በተራ ያርሱ ነበር። ጭቅጭቁ የሚመጣው ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ ለሁለቱም ማሳ በአንድ ቀን ይጥላላ! የጋራ ኮምፒውተርም ሰኔ አለው፤ ሥራ የምታስረክቡበት ሳምንት።

ከዓመታት በፊት ባሕር ዳር ስሠራ ለአምስት ሰው አንድ ዴስክቶፕ ነበረን። ስክሪኑ ጥግ ላይ የተራ ወረቀት ተለጥፏል። ኪቦርዱ ላይ የግማሾቹ ፊደላት ቀለም ለቋል። ሁላችንም የምንገባው በአንድ አካውንት ነው። አንድ ቀን የክፍያው ገጽ ተበላሸ። ኮሚቱ፣ ማለትም ኮዱ ላይ የተደረገው ለውጥ መዝገብ፣ ሲታይ በእኔ ስም ነው። ያን ቀን እኮ እኔ ሞጣ ለቅሶ ላይ ነበርኩ! ለካ ጊት፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ስም የሚያነበው አካውንቱ ውስጥ ከተቀመጠች ትንሽ ፋይል ነው። መጀመሪያ ስሙን ያስገባሁት እኔ ስለነበርኩ የአምስታችንም ሥራ በእኔ ስም ሲመዘገብ ከርሟል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምስጋና ሲመጣ ግን ዝም ብዬ ተቀብዬ ነበር።

ስለዚህ አሮጌም ቢሆን የየራሳችሁን ያዙ። ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ማከማቻ ግጠሙበት፤ ነፍስ ይዘራል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ዴስክቶፕ ግን ያላስቀመጣችሁትን ይዞ ድርግም ነው። ኔትወርክም ቢጠፋ ግድ የለም። ሊነስ ቶርቫልድስ በፈረንጆቹ 2005 የሠራው ጊት የኮዱን ሙሉ ታሪክ በየአንዳንዳችሁ ማሽን ላይ ያስቀምጣል። ኮሚት እያደረጋችሁ ቆዩና ኔትወርኩ ሲመጣ ፑሽ ታደርጋላችሁ፤ ወደ ጋራው ማከማቻ ትልካላችሁ ማለት ነው።

የጋራ ማሽን ጭራሽ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የየራሳችሁ ካላችሁ በኋላ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ሰርቨር፣ ሁላችሁም በኔትወርክ የምትደርሱበት ማሽን፣ አድርጉና መሞከሪያው እሱ ላይ ይሁን። «እኔ ጋ ይሠራል፣ አንተ ጋ ነው የማይሠራው» የሚለው ክርክር እዚያ ያልቃል።

ብሩ አልበቃ ካለ ደግሞ ቢያንስ አካውንታችሁን ለዩ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ ሰው አንድ ማሽን የሚጋራው ዋጋው ስለማይቀመስ ነበር። ያኔም ግን እያንዳንዱ የራሱ የይለፍ ቃል ነበረው። ብራውዘር ላይ ፓስዎርድ አታስቀምጡ። ከወንበሩ ሳትነሱ ሥራችሁን ፑሽ አድርጉ።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ልጆቹ ብሩን ቆጥረው ለሦስት ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል አሉኝ። አራተኛዋ የወንድሟን ትዋሳለች። ቻርጀሩንም አብረሽ ተዋሺ ብያታለሁ።