ፊልሙ ሳይቆረጥ ፊት የለወጠው ካሜራማን

ጥያቄውን ላላያችሁ፦ በ1931 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በወጣው፣ ደጉ ሐኪም ወደ ክፉው ሃይድ በሚለወጥበት «ዶክተር ጄኪል እና ሚስተር ሃይድ» ፊልም ላይ ካሜራው ፍሬድሪክ ማርች ፊት ላይ እንደቆመ ፊቱ ላይ ጥቁር ጥላና መስመር ቀስ እያለ ይወጣል። ወንድማችን «ሾቱ አልተቆረጠም፣ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ እንዴት ሠሩት? እኛስ በእጃችን ባለው ካሜራ እንችላለን?» ብሎ ጠይቋል። «ዲዞልቭ ነው» ብላችሁ የመለሳችሁ አይደለም። በዲዞልቭ ሁለት ምስል ለአፍታ ይደራረባል፤ ተዋናዩ ጭንቅላቱን በጣት ስፋት እንኳ ቢያንቀሳቅስ የጆሮና የአፍንጫ ጠርዝ እጥፍ ሆኖ ይታያል። እዚህ ግን ሰውየው እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ፊቱም ያው አንድ ፊት ነው።

ቀለሙ ቀረጻው ሳይጀመር ተቀብቶ ያለቀ ነው። ሥራው ካሜራው እንዳያየው ማድረግ ነበር።

ካሜራማኑ ካርል ስትረስ ይባላል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለምን ሁሉ ወደ ግራጫ ይመልሳል፤ የትኛው ቀለም ጠቆር፣ የትኛው ነጣ እንደሚል ግን ሌንሱ ፊት ያለው ፊልተር ይወስናል። ሜካፑ በቀይ ይሣላል። ቀይ ፊልተር ሲደረግ የነጭ ሰው ቆዳም ቀይ ቀለሙም ቀይ ብርሃንን በደንብ ስለሚመልሱ ሁለቱም ነጣ ብለው ይወጣሉ፣ መስመሩ ከቆዳው አይለይም። ቀዩ ተንሸራትቶ በቦታው አረንጓዴ ሲገባ፣ ቆዳው መጠነኛ አረንጓዴ ይመልሳል፣ ቀይ ቀለሙ ግን ከናካቴው አይመልስም ማለት ይቻላል። ያኔ ይጠቁራል። ተመልካቹ የሚያየው ፊት ከውስጥ ሲበላሽ ነው።

በዚህ መንገድ የሚመጣው ግን ጥላ፣ መስመርና ነጠብጣብ ብቻ ነው። ጸጉሩን፣ ጥርሱንና አፍንጫውን ፊልተር አያበቅላቸውም። ለእነሱ ሜካፕ አርቲስቱ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ካሜራው ዞር ሲል ወይም በዲዞልቭ ደረጃ በደረጃ ነው የሚገቡት። ዲዞልቭ ያላችሁ ምናልባት እሱን አይታችሁ ይሆናል።

ስትረስ ዘዴውን ለዚያ ፊልም አልፈለሰፈውም። ሰውየው በ1886 ኒውዮርክ ተወልዶ፣ ክላረንስ ዋይት ዘንድ ፎቶግራፍ ተምሮ፣ በ1919 ነው ሆሊውድ የገባው። ሲመጣ ስለ ቀለምና ፊልተር ብዙ የሚያውቅ የፎቶ ሰው ነበር። በ1925ቱ ድምፅ አልባ «ቤን ሁር» ከካሜራማኖቹ አንዱ ሆኖ ሲሠራ ለምጻሞቹ የሚፈወሱበትን ትዕይንት በተገላቢጦሽ ሠራው፦ በአረንጓዴ ፊልተር ጀመረ፣ ቀይ የተቀባው ለምጽ ጠቁሮ ታየ፤ ወደ ቀይ ሲያንሸራትት ቆዳው «ጠራ»።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ ካሜራው ውስጥ የሚገባው የጥሬ ፊልሙ ዓይነት። ድምፅ አልባ ፊልሞች ለረጅም ጊዜ የተቀረጹት ኦርቶክሮማቲክ በሚባለው ፊልም ነው። እሱ ሰማያዊና አረንጓዴ ያያል፣ ለቀይ ግን ዕውር ነው። ቀይ የተቀባ ከንፈር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ዓይን ሊጠፋ እስኪደርስ ይነጣል፣ ሰማዩ ደመና የሌለው ነጭ ወረቀት ይመስላል። ቀይ ፊልተር ብታደርጉበት ጨለማ ብቻ ትቀርጻላችሁ። የስትረስ ዘዴ የግድ ቀይን የሚያይ ፓንክሮማቲክ ፊልም ይፈልጋል፤ ኮዳክ ይህን እንደ መደበኛ ዕቃ መሸጥ የጀመረው በ1922 ነው። ላቦራቶሪዎች መጀመሪያ አልወደዱትም፣ ምክንያትም ነበራቸው። ኦርቶውን በቀይ መብራት እያዩ፣ «አሁን ይበቃዋል» ብለው ያወጡት ነበር፤ ፓንክሮማቲኩ ግን በድፍን ጨለማ፣ በሰዓትና በሙቀት መለኪያ ብቻ ነው የሚታጠበው። ካሜራማኑ መጋለጡን (ፊልሙ የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) ቢሳሳት አጣቢው ዓይቶ አያድነውም።

ቀጥሎ ድምፅ መጣ። ስትረስ ከቻርልስ ሮሸር ጋር የቀረጸው የዳይሬክተር ሙርናው «ሰንራይዝ» ለሕዝብ የታየው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1927 ነው፤ ተዋናዮች የሚናገሩበት «ዘ ጃዝ ሲንገር» በ13 ቀን ይከተለዋል። በ«ሰንራይዝ» ረግረጉ ውስጥ ካሜራው ከጣሪያ በተንጠለጠለ ሐዲድ ላይ ሰውየውን እየተከተለ ይሄዳል። ሁለቱ ካሜራማኖች በዚህ ሥራ የመጀመሪያውን የሲኒማቶግራፊ ኦስካር ወሰዱ። ወዲያው ደግሞ ካሜራው ሳጥን ውስጥ ታሰረ። የጊዜው ካሜራ ጥርሱ ስለሚንጫጫ ማይክሮፎኑ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ካሜራው ከነካሜራማኑ ድምፅ የማያሳልፍ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት በመስተዋት ያይ ነበር። 1,000 ጫማ ፊልም በድምፅ ፍጥነት 11 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያን ያህል ጊዜ አየር በሌለበት መቆም ነው። ድምፁ እንዳይቆራረጥም ሦስት አራት ካሜራ ባንዴ ይቀርጻል፤ አንድ መብራት ሁሉንም ማዕዘን ማገልገል ስላለበት ጥላው ይሞታል፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። የሜሪ ፒክፎርድን የመጀመሪያ ባለድምፅ ፊልም «ኮኬት»ን (1929) የቀረጸውም ስትረስ ነው፤ ከ«ሰንራይዝ» ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ እዩት። ሰውየው ችሎታው አልቀነሰም፣ ሳጥኑ ነው።

የብርሃኑ ሒሳብም ተለወጠ። 1 ጫማ ፊልም 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይይዛል። በእጅ የሚዞር ካሜራ በአንድ ዙር 8 ፍሬም ስለሚስብ በሴኮንድ ሁለት ዙር 16 ፍሬም ነው (በ1920ዎቹ ግን አብዛኛው ካሜራማን ከዚያ ፈጠን አድርጎ ነበር የሚያዞረው)። ድምፅ በሞተር 24ን ግድ አለ። ከ16 ወደ 24 መሄድ 1.5 እጥፍ ብርሃን ይጠይቃል። ቀይ ፊልተር፣ ለምሳሌ ዛሬ 25 ቁጥር የሚባለው፣ በቀን ብርሃን 3 ስቶፕ ማለትም 8 እጥፍ ይበላል። ሁለቱ ሲባዙ 12 እጥፍ ነው። የሚያተርፈው ነገር መብራቱ ነበር፦ የካርቦን አርኩ (የድሮው ኃይለኛ የስቱዲዮ መብራት) ጩኸት ማይክሮፎን ስለሚገባ ስቱዲዮዎች ወደ ተንግስተን አምፖል ዞሩ፣ የአምፖል ብርሃን ደግሞ በቀይ የበለጸገ ነው። ፓንክሮማቲክ ፊልም፣ አምፖልና ቀይ ፊልተር ተስማሙ። በ1931 ካሜራው ከሳጥኑ ወጥቶ በትንሽ ሽፋን ብቻ መሥራት ሲጀምር ደግሞ ለአንድ ፊት አንድ ካሜራ መልሶ ማዘጋጀት ተቻለ።

አሁን ወደ እኛ። ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የድሮው ነው። 25 ቁጥር ቀይና 58 ቁጥር አረንጓዴ ጄላቲን ትገዙና በአንድ ረጅም ፍሬም ላይ ጠርዝ ለጠርዝ ታጣብቃላችሁ። ክፍተት ከተረፈ ነጭ ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ከተደራረቡ ቀዩና አረንጓዴው ተያይዘው ብርሃኑን ስለሚዘጉ ጥቁር ዘንግ ፊቱን አቋርጦ ያልፋል። መጋጠሚያው በምላጭ የተቆረጠ ያህል ልክ መሆን አለበት። ፊልተሩን ሌንሱ ላይ ሊነካ ደርሶ አስጠጉት፣ አፐርቸሩንም (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) f/2.8 አካባቢ ክፈቱት፤ ወደ f/11 ከዘጋችሁት መጋጠሚያው መስመር ሆኖ ይታያል። 3 ወይም 4 ሴኮንድ እየወሰዳችሁ በእኩል ፍጥነት ሳቡት። በአምፖል ብርሃን ቀዩ ከአረንጓዴው ይበልጥ ስለሚያሳልፍ መጀመሪያ ግራጫ ካርድ ቀርጻችሁ ልዩነቱን ለኩ፤ ካልሆነ መላው ምስል አብሮ ይጨልማል፣ ነገሩም ይነቃል።

ሁለተኛው ቀላል ነው፣ እኔም ይህንኑ እመክራለሁ። በዲጂታል ካሜራ ያለ ፊልተር በቀለም ቅረጹ። ኤዲቲንግ ላይ በቻነል ሚክሰር (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቻነሎችን ድርሻ በሚወስነው መሣሪያ) ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት፦ መጀመሪያ ቀይ ቻነል 100፣ አረንጓዴ 0፤ በ4 ሴኮንድ ውስጥ ቀይ 0፣ አረንጓዴ 100። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ሚዛን) ቆልፉት፣ አውቶ ላይ ከተተወ መሐል ላይ ያንሸራትተዋል። ቀይ ቻነሉ እንዳይቃጠል መጋለጡን ግማሽ ስቶፕ ዝቅ አድርጉት። ብዙ ስልኮችና ርካሽ ካሜራዎች የሚቀርጹት 4:2:0 የቀለም መረጃውን ወደ ሩብ ስለሚቀንሰው የመስመሩ ጠርዝ የሸክላ ጥርብ ይመስላል፤ የተሻለ የቀለም መረጃ የሚይዘው 4:2:2 ወይም ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ።

ሜካፑን በተመለከተ፣ የኛ ቆዳ ላይ የስትረስን አሠራር እንዳለ ከገለበጣችሁ አይሠራም። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ደማቅ ቀይ ከቀባችሁ በቀይ ቻነል ቀለሙ ከቆዳው የበለጠ ያበራል፣ መስመሩም ነጭ ጠባሳ ሆኖ ገና ከጅምሩ ይታያል። ቀዩን ከቡናማ ጋር እየደባለቃችሁ አጥቁሩት፤ በቀይ ቻነል ከቆዳው እኩል ሲሆን ተውት። ችግሩ ያኔ አረንጓዴ ላይ ያለው ልዩነት ይሳሳል፣ ምክንያቱም ቆዳው ራሱ አረንጓዴን ብዙም አይመልስም። ስለዚህ ለጥቁር ቆዳ ነገሩን ገልብጡት፦ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም በአረንጓዴ ቻነል ከቆዳው ጋር አስማሙ፣ ከአረንጓዴ ጀምሩና ወደ ቀይ ሂዱ። ቆዳው በቀይ ሲፈካ መስመሩ ጠቁሮ ይቀራል። ፊቱ በጠቅላላ ነጣ ስለሚል መብራቱን ወይም ጋማውን (የመካከለኛ ግራጫውን ብሩህነት) እዚያው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ አካክሱት።

ልብስና ግድግዳ ነጭ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ብቻ ይሁን። ቀይ መጋረጃ ወይም አረንጓዴ ሸሚዝ ካለ እሱም ከፊቱ ጋር ይለወጣል፤ ሊፕስቲክም አይደረግ፣ በቀይ ይጠፋና በአረንጓዴ ጥቁር ሆኖ ብቅ ይላል። የቀረጻው ዕለት ከመድረሱ በፊት የተዋናዩን ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ አምስት ስድስት የቀለም ድብልቅ ጫር ጫር አድርጋችሁ፣ በዚያው ካሜራና በዚያው መብራት ፎቶ አንሱና ቻነሎቹን ለየብቻ ክፈቱ። በአንዱ ቻነል ዱካው የጠፋባችሁን፣ በሌላው ጎልቶ የወጣውን ምረጡ።