«ኃ/ማርያም»ን በስንት ፊደል እንፈልገው?

ጥያቄ፦ የዘር ሐረጋችንን እያሰባሰብኩ ነው። የዘጌ ሰው የነበሩት ቅድመ አያቴ በአንድ የግብር ደረሰኝ ላይ «ኃ/ማርያም»፣ በአንድ የውል ወረቀት ላይ ደግሞ «ሀይለማሪያም» ተብለዋል። ሰነዶቹን ኮምፒውተር ላይ ተይቤ ስፈልግ አንዱን ስጽፍ ሌላው አይወጣም። ምን ላድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለኮምፒውተር ሀ እና ኃ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው። የቅድመ አያትዎን ስም ብቻ ብንቆጥር መነሻው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ መጨረሻው «ማርያም» ወይም «ማሪያም»፤ አጻጻፉም የተጣመረ፣ የተነጣጠለ ወይም በእዝባር (/) ያጠረ። 36 መልክ መጣ! ሁሉንም መተየብ ከንቱ ድካም ነው፤ «ማርያም» እና «ማሪያም» ብለው ብቻ ይፈልጉና ከወጣው ውስጥ ይምረጡ።

ሰነዱ ብዙ ከሆነ በኤክሴል ሁለት ዓምድ ያዘጋጁ። በመጀመሪያው ስሙን እንደተጻፈ፣ ስህተቱን ሳይነኩ ይገልብጡ። በሁለተኛው ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላትን ወደ አንድ ይመልሱ፦ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃን ወደ ሀ፤ ሠን ወደ ሰ፤ ዐን ወደ አ፤ ፀን ወደ ጸ። ፍለጋው በሁለተኛው ዓምድ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሠን ብቻ ቀይሮ ያቆማል፤ «ሥላሴ» ግን የሚጀምረው በሥ ስለሆነ ሳይነካ ይቀራል። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም ይቀይሩ። ኣ እና ዓም ወደ አ መግባታቸውን አይርሱ።

ምሕጻረ ቃሉን ግን ለመፍታት አይቸኩሉ። በደንቡ ኃ/ ኃይለ፣ ሀ/ ሀብተ ነው፤ ነገር ግን ፊደል የማይለይ ጸሐፊ «ሀ/ማርያም» ካለ ኃይለማርያምም ሀብተማርያምም ሊሆኑ ይችላሉ። ተ/ ተክለ ወይም ተስፋ፣ ወ/ ወልደ ወይም ወለተ ይሆናል፤ በወለተና በወልደ መካከል ደግሞ ያለው ልዩነት የጾታ ነው። የሚያስተማምነው የአባት ስም ነው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ ከነአባታቸው የተጻፉበትን ሰነድ ይፈልጉ፤ የልጃቸው ስም አብሮ ካለ ይበልጥ ይጠቅማል።

ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሲሄዱ የክርስትና ስማቸውን አስቀድመው ከዘመድ ይጠይቁ፤ በዓለም ስማቸው ላይገኙ ይችላሉ። ሴት ከሆኑና ፍለጋው ጣና ሐይቅ ላይ ካሉት ክብራን ገብርኤል ወይም ዳጋ እስጢፋኖስ ከደረሰ ወንድ ዘመድ ይላኩ፤ ሁለቱም ገዳማት ሴት አያስገቡም።