ጠይቁን፦ የፓኪስታን ቀዋሊ፣ የወሎ መንዙማና የወጣቶች ጆሮ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ ፓኪስታን ሙዚቃ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ብቻ ሰጥተናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ዕድሜዬ 22 ነው። ማታ ማታ በስልኬ የፓኪስታን ዘፈኖችን አዳምጣለሁ። አንዳንዶቹ ከመንዙማ ጋር ስለሚቀራረቡብኝ አንድ ቀን ለአያቴ አሰማኋቸው። አያቴ ሐሙስ ማታ መንዙማ ከሚዜምበት ከሐድራ የማይቀሩ፣ ድቤ ሲመታ ከማንም ቀድመው የሚያጨበጭቡ ሰው ናቸው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ዜማውስ ከኛው ነው፤ ይህ ጊታር ግን ምን ሊሠራ ገባ? ሰዎቹ ወሊዮቻቸውን እያወደሱ ነው ወይስ እየዘፈኑባቸው?» አሉኝ። እኔም «አንቱ ደግሞ ጊዜው ተለውጧል» ብዬ ዘጋሁት እንጂ መልሱን አላውቀውም። ፓኪስታኖች የጥንት ዜማቸውን የለወጡት ለወጣቱ ብለው ነው? አዛውንቶቻቸውስ ዝም አሉ?
ሰ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድማችን፣ አያትህ ዝምድናውን ወዲያው መለየታቸው አላስገረመንም። የሰማኸው ቀዋሊ የሚባለው ነው። በፓኪስታንና በሕንድ በአውሊያዎች መካነ መቃብር ዙሪያ ለዘመናት ሲዜም የኖረ፣ አላህን፣ ነቢዩንና ወሊዮችን የሚያወድስ ዜማ ነው። አንድ መሪ ስንኙን ያወጣል፤ ከጎኑና ከኋላው የተቀመጡት ይቀበሉታል፤ ጭብጨባው አይቋረጥም። መሪው ከተሰብሳቢው መካከል ልቡ የተነካ ሰው ካየ ያችኑ ስንኝ እየመላለሰ፣ ሰውየው እስኪረካ ድረስ አይለቃትም። እዚያም ቢሆን ዋናው ምሽት ሐሙስ ነው። በድቤ ፋንታ ታብላና ዶላክ የሚባሉ ከበሮዎች አሉ፤ ከእኛ የሚለየው ሃርሞኒየም፣ ማለትም በአንድ እጅ አየር እየተነፋ በሌላው ቁልፎቹ የሚነኩት ሳጥን መጨመሩ ነው።

የጊታሩን ነገር ከዚሁ ሳጥን ብንጀምር ይሻላል። ዛሬ ያለ ሃርሞኒየም ቀዋሊን የሚያስብ ሰው የለም፤ ይሁን እንጂ ሃርሞኒየም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ የገባ ዕቃ ነው። በ1940፣ ፓኪስታን ገና ሳትመሠረት፣ የመላው ሕንድ ራዲዮ ሃርሞኒየምን ከጣቢያዎቹ አግዶት ነበር። ባዕድ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ቁልፎቹ ቋሚ ስለሆኑ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚደረገውን ረቂቅ መንሸራተት ማውጣት አይችልም የሚለው ክርክር ነበር ያሳገደው። ስለዚህ አያትህ በጊታሩ ላይ ያነሡት ቅሬታ በሃርሞኒየሙም ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ያ የተከሰሰው ሳጥን ራሱ «ነባር» ተብሎ ሲከበር እናየዋለን።

ለወጣቱ ሲባል ተለወጠ ወይ ለሚለው ግን የነገሩ አካሄድ አንተ ከምትገምተው በተቃራኒ ነው። የፓኪስታን የወጣቶች ሙዚቃ ሲጀመር ከቀዋሊ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በ1980 ናዚያ ሐሰን የተባለች የ15 ዓመት ልጅ ለአንድ የሕንድ ፊልም የዘፈነችው ዘፈን ታዋቂ አደረጋት፤ በማግስቱ ዓመት ከወንድሟ ከዞሄብ ጋር ያወጣችው አልበም ንጹሕ ዲስኮ ነበር። ጊዜው ከ1977 እስከ 1988 የዘለቀው የጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ ወታደራዊ አገዛዝ ሲሆን፣ ለእንዲህ ያለው ሙዚቃ የሚመች አልነበረም። ያም ሆኖ በ1987 ቫይታል ሳይንስ የሚባል የወጣቶች ባንድ «ዲል ዲል ፓኪስታን» በሚለው የአገር ፍቅር ዘፈን ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ፤ አገርን የሚያወድስ ዘፈን ለመከልከል እንደማያመች ግልጽ ነው። የእነዚህ ልጆች ጆሮ ወደ ለንደን ያደላ ነበር። ከአባቶቻቸው ዜማ ሸሽተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመለሳቸው፣ በእኛ ግምት፣ ከሁሉም በላይ ኑስራት ፋቴህ አሊ ኻን ነው። ከፋይሰላባድ የቀዋሊ ቤተሰብ የተወለደው ይህ ታላቅ ዜመኛ (1948–1997) ራሱ ለእንግሊዝ አገር አሳታሚ አልበሞች ሠርቷል፤ በ1990 አንዱን ቀዋሊ ማሲቭ አታክ የተባለው የብሪስቶል ቡድን ለዳንስ ቤት በሚመች ምት አቀናብሮታል። ወጣቱ የገዛ አገሩን ዜማ ከሩቅ ዞሮ ሲመጣ ሰማው። በዚያው ዓመት ላሆር ላይ የተመሠረተው ጁኑን የተባለ ባንድ ደግሞ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የፑንጃብ ሱፊ ገጣሚ የቡሌ ሻህን ስንኞች በኤሌክትሪክ ጊታር አዜመ። ከዚያም በ2008 ኮክ ስቱዲዮ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት በፓኪስታን ሲጀመር፣ ነባር ዜመኞችንና የባንድ ተጫዋቾችን በአንድ ክፍል አስቀምጦ የቀረጻቸው አዘጋጅ ሮሄል ሐያት ነበር፤ ሐያት ማለት የዚያው የቫይታል ሳይንስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ነው። እንግዲህ ጊታሩን ወደ ቀዋሊ ያመጡት ቀድሞ በጊታር ከቤት የወጡት ናቸው። ባዶ እጃቸውን መመለስ ስላልቻሉ የያዙትን ይዘው ተመለሱ።

አዛውንቶቹ ዝም አሉ ወይ ላልከው፣ የተቆጡ አልጠፉም። ነገር ግን የቀዋሊ ባለቤት የሆኑት ቤተሰቦች ራሳቸው ከስቱዲዮው ገብተዋል። በ2015 አቲፍ አስላም የተባለው የፖፕ ዘፋኝ የሳብሪ ወንድማማቾችን ዝነኛ ቀዋሊ «ታጅዳሬ ሐረም»ን በኮክ ስቱዲዮ አዜመው፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሳብሪ ቤተሰብ የሆነው አምጃድ ሳብሪ ከኑስራት የወንድም ልጅ ከራሐት ጋር በዚያው መድረክ ተቀረጸ። አምጃድ ሳብሪ ሰኔ 2016 ካራቺ ላይ በጥይት ተገደለ፤ ቀረጻው ለሕዝብ የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከዚህ በኋላ «ሰዎቹ እያወደሱ ነው ወይስ እየዘፈኑ» የሚለውን በመሣሪያው ዓይነት ብቻ መፍረድ ይከብዳል።

ይልቅስ የአያትህ ጥያቄ በሌላ በኩል ትክክል ነው እንላለን። ስቱዲዮው ውስጥ ተቀባይ ጀማዓ የለም። ካሜራ እንጂ ልቡ የተነካ ሰው ፊት ለፊት ስላልተቀመጠ፣ የትኛው ስንኝ ስንት ጊዜ እንደሚደገም አስቀድሞ ተወስኗል። በመቃብሩ ደጃፍ ሌሊቱን የሚፈጀው ነገር በጥቂት ደቂቃ ይጠናቀቃል። ወጣቱ ያገኘው የቀዋሊን ዜማና ቃል ነው፤ የቀዋሊን መጠበቅና መመላለስ አላገኘም። የእኛም መንዙማ ከካሴት ጀምሮ እስከ ዩቲዩብ ድረስ በዚሁ መንገድ እየሄደ ነው፤ ጊታር ባይገባበትም እንኳ ተቀባዩ ከቀረ፣ ሐድራ የለመደ ሰው ጉድለቱን ወዲያው ይሰማዋል። እስቲ ለአያትህ የኑስራትን በተሰብሳቢ ፊት የተቀረጸ ረጅም ቀዋሊ ፈልግላቸውና ሳታቋርጥ አሰማቸው። ቋንቋው ባይገባቸውም የት ላይ እንደሚያጨበጭቡ አይጠፋቸውም።

ጥያቄ፦ ደሴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኒቃብ ለብሳ ራፕ የምትል የፓኪስታን ልጅ አይቼ ገረመኝ። ጓደኞቼ «ለማስታወቂያ ነው» ይላሉ። እውነት ነው? ቋንቋውም ሌላ ጊዜ ከምሰማው ኡርዱ የተለየ መሰለኝ።
ፋ.፣ ከደሴ

መልስ፦ እኅታችን፣ ጆሮሽ አልተሳሳተም፤ ቋንቋው ባሎችኛ ነው። ልጅቷ ኢቫ ቢ ትባላለች፤ ከካራቺ ሊያሪ ሰፈር ናት። ያየሽው «ካና ያሪ» ከሆነ፣ በ2022 በኮክ ስቱዲዮ 14ኛ ዙር ከካይፊ ኻሊልና ከአብዱል ወሃብ ቡግቲ ጋር የሠራችው ነው። ስለ ማስታወቂያው ጓደኞችሽ ያሉትን አንቀበልም፤ ከዚያ መድረክ በፊትም ፊቷን ሸፍና ነበር ራፕ የምትለው፤ መድረኩም እንደመጣች ተቀበላት እንጂ ልብሱን አላለበሳትም። ሊያሪ በድህነትና በወንበዴዎች ግጭት ስሟ የሚነሣ ሰፈር ብትሆንም ለእግር ኳስና ለራፕም የታወቀች ናት፤ ደግሞም ከአፍሪካ በባሕር የተሻገሩ ሰዎች ተወላጆች የሆኑት ሺዲዎች ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንዷ ናት። ይህን የጨመርነው ስለ አፍሪካ ባሕር ተሻጋሪዎች ስናወራ ዓይናችን ወደ ምዕራብ ብቻ ስለሚያይ ነው።

የቋንቋው ነገር ከኒቃቡ የበለጠ ትልቅ ለውጥ ይመስለናል። ቀድሞ የፓኪስታን ፖፕ ማለት በአመዛኙ ኡርዱ ነበር። አሁን ባሎችኛ፣ ሲንድኛና ፑንጃብኛ የሚዜምባቸው ሥራዎች ቋንቋውን በማያውቅ ወጣት ሁሉ ዘንድ ይሰማሉ። የ2022ቱ «ፓሱሪ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ያዜሙት አሊ ሴቲና ሼ ጊል ናቸው፤ አሊ ሴቲ ከነባር መምህራን እግር ሥር ተቀምጦ ክላሲካል ዜማ የተማረ ሲሆን፣ ሼ ጊል ግን በኢንስታግራም የሌሎችን ዘፈን እየዘፈነች ስትለጥፍ የተገኘች ናት። በዚያ ዓመት በጉግል እጅግ ከተፈለጉት ዘፈኖች አንዱ ይኸው ሆነ። ሴቲ እንደተናገረው ግጥሙን የቀሰቀሰው በፑንጃብ መንገድ ከአንድ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ያነበበው ጽሑፍ ነው፤ «ለማትችልበት ምክንያትህ እሳት ልልቀቅበት» ወደሚል ይጠጋል። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ ቁልቁል የሚወርዱ መኪኖችን ጀርባ እያነበበ የሚሄድ ሰው ይህ ምን ዓይነት ግጥም እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን ሆነ ብትይ፣ ሁለት በሮች በመዘጋታቸውና አንድ በር በመከፈቱ ነው። የተሳካለት የፓኪስታን ዘፋኝ ቀድሞ እንጀራውን የሚያገኘው ከሕንድ ፊልሞች ነበር፤ ከ2016 ወዲህ በሁለቱ አገሮች ጠብ ምክንያት ያ በር ጠበበ፣ ቆይቶም ተዘጋ። ዩቲዩብም ከ2012 መጨረሻ ገደማ እስከ 2016 መጀመሪያ በፓኪስታን ታግዶ ቆይቷል። እገዳው ሲነሣና በ2021 ስፖቲፋይ ወደ አገሩ ሲገባ፣ ከመኝታ ቤቱ በላፕቶፕ የሚሠራ ልጅ ያለ ፊልምና ያለ ቴሌቪዥን አድማጭ አገኘ። በኡርዱ ራፕ የታወቁት የካራቺዎቹ ያንግ ስተነርስ፣ እንዲሁም ሐኪምነትን ተምሮ ወደ ዘፈን የዞረው የጊልጊቱ ልጅ ሐሰን ራሒም የዚህ ዘመን ሰዎች ናቸው። አንድ ነገር ግን ሳንጠቁም አናልፍም፦ ከእነዚህ መድረኮች ትልልቆቹ በለስላሳ መጠጥና በሌሎች ሸቀጦች ኩባንያዎች ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ኩባንያው በጀቱን ያጠፈ ዕለት ዳምቡራ የሚባለውን የክር መሣሪያ የሚመታው የባሎችኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረን የለም።

ጥያቄ፦ የሙዚቃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «የፓኪስታን ዜማ ከአምባሰል ቅኝት ጋር አንድ ነው» እያሉ ይከራከሩኛል። ትክክል ናቸው?
መምህር ከወልድያ

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ፓኪስታኖች ዜማቸውን የሚያደራጁት ራጋ በሚባል ሥርዓት ሲሆን፣ ከራጋዎቹ ብዙዎቹ ከአምስት በላይ ድምፆች አሏቸው። አምስት ብቻ ያላቸውም ግን አሉ። ቡፓሊ የሚባለው ራጋ የሙሉ ትዝታን አምስት ድምፆች ይዟል፤ በንጋት የሚዜመው ጉንካሊ ደግሞ የአምባሰልን አምስት ድምፆች እንዳሉ ይዟል። ልዩነቱ ያለው በአያያዙ ላይ ነው። ራጋ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚታረፍ፣ የትኛው እየተወዛወዘ እንደሚነካ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚዜም ጭምር ይደነግጋል፤ ስለዚህ ድምፆቹ አንድ የሆኑ ሁለት ራጋዎች እንኳ የተለያየ ስም ሊኖራቸው ይችላል። የአሊ ሴቲ መምህር የሆኑት ኡስታድ ናሲሩዲን ሳሚ ደግሞ ከኪቦርድ ቁልፎች መካከል የሚወድቁትን ረቂቅ ድምፆች በማውጣት የታወቁ ናቸው። ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ድምፆች በጣቱ ያገኛቸዋል፤ በኪቦርድ የተማሩት ልጆች ግን፣ በወልድያም ሆነ በላሆር፣ እየሳቷቸው ነው። ለክፍልዎ የምንመክረው ጉንካሊን በድምፅ ብቻ የተዜመ አስመርጠው፣ አጠገቡ አንድ የአምባሰል ማሲንቆ አሰምተው፣ ተማሪዎቹ የሚለያዩበትን ቦታ እያስቆሙ እንዲጠቁሙ ማድረግ ነው።